ሐውልቱ መቼ ይመለሳል?

ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቆመበት ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ምክንያቱ የቀላል ባቡሩ መስመር ነበር፤ ሐዲዱ በአደባባዩ ሥር በዋሻ ማለፍ ነበረበት። መንግሥት ለጊዜው ነው፣ ግንባታው ሲያልቅ ይመለሳል አለ። የሚያምነው ግን ብዙ አልነበረም። በዚህ አገር "ለጊዜው" ተብሎ የተነሳ ስንቱ ነገር በዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ከጉለሌ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወርደውም፣ ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚያልፈውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም ጋዜጠኛውም አንድ ጥያቄ ያዘ፦ መቼ ነው የሚመለሰው?

ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። ሐውልቱም በጥር ወር ተመለሰ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቅርስ ስናወራ ስለ ጠፋው ብቻ ማልቀስ ይቀናናል፤ እኔ ግን ይህን የተመለሰ ሐውልት ደጋግሜ ማንሳት እወዳለሁ። የመለሰው ምን እንደሆነ ካወቅን ሌላውንም ማስመለስ፣ ከዚያም በላይ ሳይነሳ ማስጠበቅ እንችላለን።

የመለሰው ሕጉ ነው የሚል አለ። እውነት ነው፣ ሕጉ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ውጪ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ነገር ግን ያው አዋጅ በሥራ ላይ እያለ ስንት አሮጌ ቤት ፈርሷል? የፒያሳ ሰው ይመስክር። የአቡኑን ጉዳይ ልዩ ያደረገው ወረቀቱ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ነበረ፤ ጥያቄውም መልስ የሚሻ ጥያቄ ነበረ።

ለምን ለእሳቸው? የፍቼው መነኩሴ በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ሄደው ከተቀቡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በ1928 ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ሲገቡ አብረው መጡ፤ ውጊያው አልሰምር ሲል በጠላት እጅ ወደቁ። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ይልቁንም ለፋሺስት እንዳይገዛ ሕዝቡን ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። እንግዲህ ሐውልቱ የቆመበት ቦታ ዝም ብሎ የትራፊክ ማዞሪያ አይደለም። ሙዚየም ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ አቧራው እየተጠረገ ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት ድንጋዩ የተሻለ ይያዝ ነበር። ከተማው ግን የሞቱበትን ቦታ ያጣ ነበር።

ያ 2005 ዓ.ም. እንግዳ ዓመት ነበር። በፊተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አዲስ አበባን ላስጨፈጨፈው ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ ተመረቀ። ሮም ውስጥም አዲስ አበባም ቁጣ ተነሳ። መጋቢት 2005 ላይ ይህንን ሊቃወሙ ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎችን ፖሊስ ያዛቸው። አስቡት፦ የጨፍጫፊውን መታሰቢያ የተቃወመ ሰው፣ በተጨፈጨፉት ሐውልት ሥር፣ በገዛ አገሩ ፖሊስ ተያዘ። ኋላ ተለቀቁ። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነሳ። የሐውልቱ መነሳት ያን ያህል ሰው ያስደነገጠው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ የምናገኘው ይህ የስድስት ኪሎ ሐውልት ራሱ ብዙ የሚነገርለት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች ከተማውን በጥይት፣ በእሳትና በአካፋ ፈጁት። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው ቁጥር 30 ሺህ ነው፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19 ሺህ ገደማ ይላል። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል። የትኛውም ቁጥር ግን ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ ከተማ ከልክ ያለፈ ነው። ዛሬ የቆመው 28 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት ጭፍጨፋውን የሚያሳዩ የነሐስ ቅርጾች ያሉበት ሲሆን፣ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች፣ የሠሩት ነው።

መንገዱን ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ጣሊያኖች በገነተ ልዑል ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ሠርተው ነበር፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ነጻነት ሲመጣ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ያሰበ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ በወደድሁ፤ ከብዙ የአደባባይ ንግግር ይልቅ ሥራው ይናገራልና። ጠላት የቆጠረው ዓመት እንዳለ ሆኖ፣ ከላይ የተቀመጠው የአገሩ አንበሳ ነው። ደረጃው ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተማሪው የሚጠይቀው ነገር ባልኖረም ነበር።

ጠላት የሐውልትን ነገር ከእኛ ይልቅ ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ያነሱት በሌሊት ነው፤ ሕዝቡ ጠዋት ሲነሳ ባዶ ቦታ አገኘ። በለገሃር የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሮም ወሰዱት። 24 ሜትር የሚረዝመውን፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ። ድንጋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙ። ሦስቱም ተመልሰዋል። በተለይ የአክሱሙ ያስተምራል፦ ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ቃል ገብታ ነበር። አውሮፕላን ላይ ተጭኖ አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ነው፤ ተተክሎ የተመረቀው ደግሞ በነሐሴ 2000። በመካከሉ ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ የጠየቁት ሰዎች አርጅተው ልጆቻቸው ጥያቄውን ተረክበዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በሐውልት ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል።

አሁን አንባቢዬ የሚያነሳውን ሙግት ልጋፈጥ። ሐውልት ሁሉ ይጠበቅ ወይ? የሌኒን ሐውልት በ1983 ግንቦት ሲወድቅ ያለቀሰለት አልነበረም፤ እኔም አላለቅስም። የካርል ማርክስ ግን እስካሁን በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ቆሟል፤ ማንንም ሲያስከፋ አላየሁም፣ ጺሙን አይቶ የማን ቅዱስ ነው የሚል ልጅ ካልሆነ በቀር። ጉዳዩ የሚከብደው ለአንዱ ጀግና፣ ለሌላው በዳይ የሆነ ሰው ሐውልት ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ፣ በምኒልክ ዘመቻ ለተጎዱ ኦሮሞዎች የቆመው የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። በሰኔ 2012 በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት በቁጣ ሰዓት ተጎትቶ ወደቀ። እኔ አኖሌ የቆመውን ሐውልት መኖር አልቃወምም፤ የተበደለ ወገን ሐዘኑን በድንጋይ መጻፍ መብቱ ነው። የሐረሩን መጎተት ግን እቃወማለሁ። የራስ መኮንንን ታሪክ የማይነካ አድርጌ ስለምቆጥር አይደለም፤ በግርግር የወደቀ ሐውልት ለምን እንደወደቀ፣ ማን እንደወሰነ የሚጠየቅ ስለማይኖር ነው። ሐውልት ይነሳ ከተባለ በቀን ይነሳ፣ ክርክሩ ይሰማ፣ የወሰነው ሰው ስሙን ያስፍር። ጉለሌ ራሷ ስሟን ያገኘችው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ከኖሩት የጉለሌ ኦሮሞዎች ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሠበት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁለቱም በአንድ ክፍለ ከተማ ይታወሱ ዘንድ ቦታ አይጠብም።

ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን ገጽ በፍጥነት እየለወጠ ነው። መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱን፣ የእግረኛውን መሄጃ የሚጠላ የለም፤ በጭቃ ዘመኑን የጨረሰ የጉለሌ ሰው ሊጠላው አይችልም። የምፈራው ፍጥነቱን ነው። ዕቃ ጫኙ መኪና ቆሞ እየጠበቀ ቅርስ የሚመዝን ኮሚቴ አይኖርም። ደግሞ የሚያሰጋው ትልቁ ሐውልት አይደለም፤ እሱ ሲነካ የሚጠይቅ አለው። የሚያሰጋው ሐውልት ያልተሠራለት ነገር ነው፦ አሮጌ አጥር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የመቃብር ሥፍራ። እንጦጦ ላይ ያለው የምኒልክ ቤተ መንግሥት በጭቃና በጭድ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እጅ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ቢረሳ ለማፍረስ ውሳኔ እንኳ አያሻውም።

ጴጥሮስ ወጳውሎስ አካባቢ ያለውን የጦር መቃብር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። በ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ጊዜ በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈው የወደቁ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ወታደሮች እዚያ አርፈዋል፤ ድንጋዩ በረድፍ ነው፣ ሣሩ የታጨደ ነው፣ ስማቸው በመዝገብ ተይዟል። ይህንን የሚያደርገው ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ የጋራ ብልጽግና አገሮች ኮሚሽን ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ስንመለስ ደግሞ በየካቲት 12 ለሞቱት የተሟላ የስም ዝርዝር የለንም። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን እናኖራለን፣ ማርሽ ባንዱ ይጫወታል፣ አባት አርበኞች ፎክረው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የሟቹ ስም ግን አይነበብም፤ ገና አልተሰበሰበምና። ዩኒቨርሲቲው መንገዱን ተሻግሮ ነው ያለው፤ የታሪክ ተማሪ አያጣም፤ የየአድባራቱ መዝገብና የየቤተሰቡ ትዝታም ገና ሙሉ በሙሉ አልተጠየቀም።

ስለዚህ ለክፍለ ከተማውና ለቅርስ ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ ከአቡነ ጴጥሮስ የተማርነው ነው። ጉለሌ ውስጥ የሚነካ፣ የሚታጠር ወይም ለጊዜው የሚነሳ መታሰቢያ፣ ቤት ወይም መቃብር ካለ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እዚያው ቦታው ላይ ሰሌዳ ይለጠፍ፦ ምን እንደሚነሳ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ፈቃዱን የፈረመው ማን እንደሆነ፣ የሚመለስበትም ቀን። ቀኑ ቢያልፍ የሰፈሩ ሰው ሰሌዳውን ይዞ ወረዳው ድረስ መሄድ ይችላል።