«ጉዋፖ» ላልከኝ ወንድሜ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የስፓኒሽ የፍቅር ሐረጎችን ማጥናት «አእምሮን የሚያሰፋና ማንንም የማይጎዳ» ተግባር ነው ሲል ሁለት ገጽ ሙሉ ተሟግቶልናል። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፤ ቀለሙ የደበዘዘውን ቦታ ሳይቀር ወደ መስኮት አስጠግቼ አንብቤዋለሁ። «ማንንም የማይጎዳ» የምትለዋ አነጋገር ግን አላስተኛችኝም። እስቲ እንነጋገርባት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ በወንዶቹ ማደሪያ አንድ ወረቀት ይዞራል። ከስልክ ላይ የተለቀሙ 40 ሐረጎች በፊደላችን ተጽፈውበታል፤ «ቴ ኪዬሮ»፣ «ሚ አሞር»፣ «ኬ ቦኒታ»... በግራ ስፓኒሹ፣ በቀኝ አማርኛው። ኳስ ተመልካቹም፣ ዘፈን አድማጩም፣ ስፔን የት እንዳለች ጠይቆ የማያውቀውም ሸምድዶታል። ይሸምድደው! የኔ ጠብ ከሽምደዳው ጋር አይደለም። ጠቤ ሸምድዶ ከሚቆምበት ቦታ ጋር ነው፤ ከግቢው በር ወጣ ብሎ ወደ ሮቤ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አራት አምስት ሆኖ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።

ባለፈው ወር እኔና ጓደኛዬ በዚያ ስናልፍ አንዱ «ጉዋፖ!» ብሎ ጮኸብን። የቀሩት አውካኩ። ጓደኛዬ ስድብ መስሏት አንገቷን ደፋች። እኔ ሳቄ መጣ። «ጉዋፖ» የሚባለው ለወንድ ነዋ! ለሴት «ጉዋፓ» ነው። ምስኪን፣ ሳያውቀው «አንተ ቆንጆ ሰውዬ» ብሎን አረፈ። ሳቄ ግን ሩቅ አልሄደም፤ ጓደኛዬ «ኧረ ምንድነው ያለን?» እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ቢሆን ትመልስለት ነበር። በአፋን ኦሮሞ ቢሆንማ የጎባ ልጅ ናትና አፉን ታስይዘው ነበር። በስፓኒሽ ሲሆን ግን ተናጋሪው ከቃሉ ጀርባ ተሸሸገ፣ እሷ ሜዳ ላይ ቀረች። ይህ በአገራችን ስም አለው፤ ለከፋ ይባላል። የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹም ስም አውጥተውለታል፤ መንገድ ላይ ለምታልፍ ሴት የሚወረወረውን ሙገሳ «ፒሮፖ» ይሉታል። ፒሮፖ ውበት ያለው የቃል ጥበብ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ብዙ ሴቶች ግን ተነሥተውበታል፤ ፔሩ በ2015፣ ስፔን ራሷ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሴትን መንገድ ላይ በወሲባዊ ንግግር ማስጨነቅን በሕግ እስከ መቅጣት ደርሰዋል። የቋንቋው ባለቤቶች የሚካሰሱበትን ነገር እኛ ሥልጣኔ ብለን ተረከብነው። ብራቮ!

ስሕተቱን በምን አወቅሽ ለሚለኝ፦ አጎቴ ኩባ ነው ያደገው። አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት አጠገብ ያለፈ ሁሉ በ1969–70 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ኩባውያን ከኛ ጎን መውደቃቸውን ያውቃል። ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ሕፃናት ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተላኩ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የእርሻ ሥራ። አጎቴ ስፓኒሹን የለመደው «ቶሮንሃ» የሚሉትን ከብርቱካን የሚተልቅ መራራ ፍሬ እየለቀመ ነው። ወረቀቱን ተውሼ ባሳየሁት ጊዜ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። «እኛ መጀመሪያ የተማርነው ‹አመመኝ› ማለትን ነበር» አለኝ። «ፍቅር የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ! ያኔም ቃል ጠፋን።»

ለእውነት ያህል፣ ወረቀቱ ውስጥ የሚጠና ነገር የለም አልልም። «ቴ ኪዬሮ» «እወድሻለሁ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ልክ ነው። ግሱ ግን «ፈለገ» ማለትም ነው፤ ሥሩም መሻትንና መጠየቅን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ይመዘዛል። የኛም «ፈለገ» እኮ የጠፋ በግ መሻትንና መመኘትን አንድ ላይ አቅፏል! ሆኖም በአማርኛ «እፈልግሻለሁ» የሚልሽ አለቃ ነው፣ አለዚያም አበዳሪ። ደግሞ «ቴ ኪዬሮ» ወንድና ሴት አይለይም፤ የአፋን ኦሮሞው «ሲን ጃላዻ»ም እንዲሁ። አማርኛ ግን «ሃ» ወይም «ሽ» ሳታሰኝ አትለቅም። በዚህ ተደንቆ ሌሊቱን ያመሸ ተማሪ ካለ ወንድማችን ረትቶኛል፣ አእምሮው ሰፍቷል። መንገድ ዳር የቆመው ግን ከ«ጉዋፖ» እስከ «ጉዋፓ» ያለችውን አንዲት ፊደል እንኳ አልተሻገረም።

«ኔሩዳን ያነበበ ይህን አይቃወምም» የሚል ዱላም ተሰንዝሯል። ኔሩዳ ሃያዎቹን የፍቅር ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1924 ሲያሳትም ገና 20 ዓመት አልሞላውም፤ እኩያችን ነበር ማለት ነው። የጻፈው ግን አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው፤ ከሥሩም ስሙን አኑሯል (የብዕር ስም ቢሆንም)። በጥምቀት ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳም ቢሆን ፊቱ ይታያል። ሎሚው ደረቷ ላይ ሲያርፍ ማን እንደወረወረው ታውቃለች፤ ካላነሣችው አፍሮ ይሄዳል። «እወድሻለሁ» በገዛ ቋንቋ ሲሆን ምላስ ያስራል፣ በሮቤ ብርድ እንኳ ላብ ያመጣል። ስፓኒሹ የተፈለገው ከዚህ እፍረት ለመሸሽ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ እዚህ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ማለዳ ቡና የምታፈላላቸውን እናት «አካም ቡልተን» ለማለት ግን እስከ ዛሬ አፋቸው አልተላቀቀም። ሐቫና ቀርባ ሮቤ ራቀች!

ወረቀቱን ከመመለሴ በፊት ከላይ እስከ ታች አየሁት። 40 ሐረግ! ልጅቷ ምን ልትመልስ እንደምትችል የሚናገር አንድም የለበትም። «ስምሽ ማነው?» የሚለውን ፈለግሁ፤ እሱም የለም። «ኮሞ ቴ ያማስ» ነው። 41ኛ አድርጋችሁ ጻፉት።