የአንድ እጅ ባክሃንድ፦ ከአንጓው ይልቅ ጊዜው

በአንድ እጅ የሚመታው ባለቶፕስፒን ባክሃንድ ሲታረም ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የእጅ አንጓ ሳይሆን ራኬቱ ኳሷን የሚያገኝበት ቦታ ነው። ኳሷ ከፊተኛው እግር ቀደም ብላ ካልተመታች ክንድ አይዘረጋም፤ ራኬቱም ከታች ወደ ላይ ጠርጓት አይወጣም። የዘገየን ምት አንጓ አያድነውም።

ለዚህ ሮጀር ፌደረር ምስክር ነው። ከትከሻ በላይ የሚነጥሩት የራፋኤል ናዳል ኳሶች ለዓመታት ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ግን፣ በ35 ዓመቱ፣ ኳሷን ነጥራ ገና በመነሣት ላይ ሳለች እየመታ አምስት ዙር በፈጀ ጨዋታ ረታው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም 10 ምርጥ ወንዶች መካከል በአንድ እጅ ባክሃንድ የሚመታ የጠፋበት ወቅት ነበር። ምቱን የሚታደገው ትከሻን አስቀድሞ ማዞር ነው፤ ተመራማሪም በቅድሚያ ሊለካው የሚገባው ይህንኑ ጊዜ ነው።