«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ»፤ በአየር ንብረትም?

በቅርቡ ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ርዕሱ «በአየር ንብረት ጉዳይ የሴቶችን የአመራር አቅም መገንባት» ይላል። ስብሰባውን የከፈቱት ወንድ ናቸው፤ ጥናቱን ያቀረቡት ወንድ ናቸው፤ መድረኩን የመሩትም ወንድ ናቸው። ሴቶቹ በር ላይ ያስፈርማሉ፣ ቡና ይቀዳሉ። እጄን አውጥቼ ተራ ሲደርሰኝ «እህቴ፣ ሰዓት ሄዷል፣ በአጭሩ» ተባልኩ። በአጭሩ ተናግሬ ተቀመጥኩ። የቀረኝን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ስወጣ የሴባስቶፖል አምሳያ አደባባዩ ላይ ተጎልቷል። መድፉን ወደ መቅደላ የጎተተውን ሰው ብዛት ስንሰማ ነው ያደግነው። ለዚያ ሠራዊት እህል ፈጭታ፣ ስንቅ ተሸክማ የተከተለችውን ሴት ግን የሚያነሳት የለም። ለነገሩ እኔ ሐውልት ይቁምላት አላልኩም። ያናደደኝ «መገንባት» የምትለዋ ቃል ናት። ለመሆኑ አቅም የጎደለው ማነው?

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ባሻገር ተመልከቱ። እንጦጦ ነው። ቤተ መንግሥቱ እዚያ ሳለ ብርዱ ከባድ፣ ማገዶውም እየራቀ የሄደ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ያሠሩትና ሰፈሩን አዲስ አበባ ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ምንጩን ይዞ ውሃ ማስጠማት የሚለው ምክርም የእርሳቸው እንደነበር ይነገራል። ስለ ማገዶ፣ ስለ ውሃና ስለ ከተማ ለሚወስኑት ለእኚህ ሴት የአቅም ግንባታ ሥልጠና የሰጠው ማን ይሆን?

አዲሲቱ ከተማም ብዙ ሳትቆይ እንጨት አለቀባት። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ባሕር ዛፉ በእግሩ ወደ ምድጃችን አልወረደም። ጎህ ሳይቀድ እንጦጦን ወጥታ፣ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ወገቧን አጉብጣ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርደው ሴት አመጣችው። የደን ጠባቂ ሸክሟን ሲያስጥላት ጾሟን ታድራለች፤ በማግስቱ በሌላ በኩል ትወጣለች። የትኛው ተዳፋት እንደተሸረሸረ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ ከማንም ባለሙያ ቀድማ ታውቃለች። ሌላ እንጀራ ሳይሰጣት ደን መጠበቅ እንደማይቻልም ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንጨት መሸከሙን ትተው ማኅበር ያቋቋሙና ከመጠቅለያው ጀርባ ተቀምጠው ጥለት የሚሸምኑ ሴቶች እዚያው እንጦጦ ግርጌ አሉ። ሽመና የወንድ ሙያ በሆነበት አገር! እነርሱን «ተጠቃሚ» ብለን እንጽፋቸዋለን። ማገዶ ቆጣቢውን የከሰል ምድጃ እንኳ «ላቀች» ብለን በሴት ስም ጠራነው። ምድጃዋ ላቀች፤ ባለምድጃዋ ግን እዚያው ናት።

«ሴት ሚኒስትሮች አሉን» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆነዋል፤ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆነዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሹመት የሰጠ እጅ ሹመት መንሳትም ይችላል። ችግኙ የት ይተከል፣ መሬቱ ለማን ይሁን፣ ገንዘቡ በማን ፊርማ ይውጣ የሚባለው ደግሞ ወረዳው ላይ ነው። «ሴቶቹስ ተሾመው ከወንዱ በምን ተለዩ?» የሚልም አይጠፋም። ይህን ጥያቄ ወንድ ሲሾም የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጎረቤታችን ኬንያን እንይ። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ከገጠር ሴቶች ጋር ችግኝ መትከል ጀመሩ። በ1989 ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ሊገተር የነበረውን ፎቅ ተቃውመው ሲነሱ በፓርላማ ተሰደቡ፤ ፎቁ ግን ቀረ። በ2003 ምክትል የአካባቢ ሚኒስትር፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ተሸላሚ ሆኑ። መሪ ያደረጋቸው ሙግታቸው ነው እንጂ ማን አዳራሽ ውስጥ ሠራቸው?

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። አዘርባጃን ለ29ኛው ጉባኤ በጥር 2024 አዘጋጅ ኮሚቴ ስታቋቁም ሃያ ስምንቱም አባላት ወንዶች ነበሩ። ዓለም ሲጮህባት በቀናት ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ጨመረች። እኛ እስኪጮህብን አንጠብቅ። የእኛን ዝርዝር ባየሁ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ እናንተም ቁጠሩ። ስንት ሴት አለች ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ የበጀቱን ወረቀት የምትፈርመው የትኛዋ እንደሆነች ጠይቁ። እንጦጦን በጀርባዋ የምታውቅ አንዲት ሴትም የከተማው ደን ጉዳይ በሚወሰንበት ጠረጴዛ፣ ለምስክርነት ሳይሆን በድምፅ፣ ትቀመጥ። የሥራ ቀኗን ትታ ነውና የምትመጣው፣ አበሏም እንደ ባለሙያዎቹ ይከፈላት።