ከምድር በታች ስላለው እሳት ጠባይ

ከአሰላ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው የዝዋይ ሐይቅና የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ከታች ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ ቁመቱ ከ4000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ተራራ ይቆምበታል። ይህ ተራራ ከሚሊዮን ዓመት በፊት እሳት የተፋ ገሞራ ነበር። ዛሬ ስንዴውንና ገብሱን የሚያበቅለው ለም አፈርም ያ ቅልጥ ዓለት ቀዝቅዞ በዘመናት ብዛት የፈረሰው ነው። ስለዚህ የአርሲ ሰው እንጀራውን የሚበላው ከጥንት እሳት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የእሳት ባሕር ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥልቁ ያለው ዓለት እጅግ የጋለ ቢሆንም፣ በላዩ የተጫነው ክብደት ስለሚያስጨንቀው አይቀልጥም። የሚቀልጠው ሙቀት ሲጨመርበት፣ ወይም ውሃ ሲገባበት፣ ወይም ጭነቱ ሲቀልለት ነው። በአገራችን ዋናው ምክንያት ይህ ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም በስምጥ ሸለቆው ምድር በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተራራቀች ስለምትሄድ፣ የጋለው ዓለት ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣም መጠን ጭነቱ ይቀልለትና ከፊሉ ይቀልጣል። ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውሃ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ የአየሩ ጭነት በቀለለባት በአሰላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የዓለቱም መቅለጥ ይህን ይመስላል።

አሁን ደግሞ ስለ ጠባዩ እንናገር። መጀመሪያ የሚቀልጠው ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ የሚሆነው ነው፤ ሲሊካ የሚባለው ንጥረ ነገር ከመቶው 50 ያህል ነው፤ ሙቀቱም ከ1100 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በአፋር የሚገኘው ኤርታ አሌ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ይህ ቅልጥ ዓለት በመንገዱ ታግቶ ብዙ ዘመን የቆየ እንደ ሆነ፣ እየቀዘቀዘ ብረትና ማግኒዝየም ያለበት ክፍሉ አስቀድሞ ይረጋል፤ የቀረው ፈሳሽ ሲሊካው ከመቶ 70 በላይ ይሆናል፤ በውስጡም እንፋሎትና ጋዝ ይከማቻል። የፊተኛው እንደ አጥሚት፣ የኋለኛው እንደ ገንፎ ነው። የአጥሚት አረፋ በቀላሉ ይወጣል፤ ገንፎ ሲንተከተክ ግን ትንፋሹ ታፍኖ ይቆይና ተፈናጥሮ የምታማስለውን ሴት እጅ ያቃጥላል።

በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ የዚህ የኋለኛው ወገን ነው፤ በላዩ የሚገኙት ባልጩትና ፑሚስ የተባለው ቀላል ድንጋይ ይህን ይመሰክራሉ። ከ1996 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ጊዜ መሬቱ ሁለት ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱ በሳተላይት ተለክቷል። ከዚሁ ተራራ ሙቀት ደግሞ የአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ተገኝቷል። ስለዚህ ያው አንዱ እሳት ሀብትም አደጋም ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ እንዳይመስለን። በ1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ ቅልጥ ዓለት ገብቶ ምድሪቱን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰነጠቃት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ከምድር በታች ሲጓዝ መሬት እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ እሳቱ ግን ወደ ላይ አልወጣም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ።

እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፣ በስምጥ ሸለቆው ግርጌ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ ወይም የሰፈራ መንደር እንዲሠራ ከመፍቀዳችሁ በፊት፣ በአጠገቡ ያለው ተራራ ቀድሞ ምን ተፍቶ እንደ ነበር ባለሙያዎችን መጠየቅ ይገባችኋል፤ መሬቱን ሌትና ቀን ለሚጠብቁት መሣሪያዎችና ሠራተኞችም በጀት መንፈግ አይገባም። ለመሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለተፈናቀለ ሕዝብ መጠለያ ከሚወጣው እጅግ ያንሳልና። ካህናትም ሆይ፣ ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ እናንተ ነው። ጸሎቱን ከምክር ጋር አድርጉለት፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ቤት እንዲወጣና የባለሙያዎችን ቃል እንዲሰማ ንገሩት። እሳቱን ማጥፋት የሚችል ሰው የለም፤ ጠባዩን ዐውቆ መጠንቀቅ ግን ለሁላችን የተሰጠ ነው።