ስለ ዶሮዎች የዐይን ሕመም ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ አስተያየት

የበሬ ወይም የላም በሽታ በተነሣ ጊዜ ባላገሩ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሮጣል፤ ሹሙም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይልካል። የዶሮ ዐይን አብጦ በተደፈነ ጊዜ ግን ነገሩ ከጓሮ አልፎ ከሹም ጆሮ የሚደርሰው ከስንት አንድ ነው። ይህም የሆነው ዶሮ በዋጋዋ አነስተኛ ስለ ሆነች ነው። ነገር ግን አንዲቱ ትንሽ ብትሆን ጠቅላላው ትንሽ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት በኢትዮጵያ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ እንዳለ አስታውቋል፤ ከዚህም ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ የሚበልጠው ያገር ዶሮ ነው። ያገር ዶሮም የሚኖረው በታላላቅ የርባታ ቤት ሳይሆን በየባላገሩ ጓሮ ነው።

በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር በሬው የአባወራው ነው ሲባል ዶሮዋ ግን የቤቱ እመቤት ናት። የጨው፣ የቡናና የልጆች ደብተር ገንዘብ የሚገኘው ከእንቁላሏና ከቄቧ ሽያጭ ነው። እንግዲህ ወረዳው የዶሮን ሞት በመዝገቡ ሳይጽፍ የቀረ እንደሆነ የእመቤቲቱን ጉዳት አልጻፈም ማለት ነው።

ፍስሐ ሞገስ፣ አዛገ ተገኝና ታደለ ደሴ በቡሬ፣ በፎገራና በዳሌ ወረዳዎች ስላለው ያገር ዶሮ ርባታ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ባላገሩ ፈንግል የሚለው የኒውካስል በሽታ ለርባታው ዋና ጠንቅ መሆኑንም ገልጸዋል። ነገር ግን በየቀበሌው እንደምንሰማው ፈንግል የሚለው ስም ዶሮን በጅምላ ለሚገድል በሽታ ሁሉ ይሰጣል፤ የዐይን በሽታ የሚለውም ስም ዐይንን ለሚያሳብጥ ሁሉ ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ስሙ አንድ ሲሆን መድኀኒቱም አንድ ይመስላልና።

የዶሮ ዐይን የሚያብጠው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። ፊቷ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ አብጦ፣ ከአፍንጫዋ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ከወረደና በሽታው ፈጥኖ ወደ ጎረቤቶቿ ከተላለፈ ኮራይዛ የሚባለው ጉንፋን መሆኑ ያመዝናል። የዚህንም በሽታ ባክቴሪያ ደ ብሊክ የተባሉት የኔዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ለይተው አስታውቀዋል። ዐይኗ አረፋ እያወጣ፣ እያስነጠሳትና ትንፋሿ እየተንኮራኮረ ሕመሙ ሳምንታት የቈየ እንደሆነ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ነው፤ እርሱም ከእናቲቱ በእንቁላል ወደ ጫጩት ይተላለፋል። በዐይኗ ቆብና በራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ቅርፊት የወጣ እንደሆነ የዶሮ ፈንጣጣ ነው፤ ይህም በቫይረስ የሚመጣ ሆኖ የወባ ትንኝን በመሰሉ ተናካሾች ይዛመታል። የዐይን እብጠት ከአረንጓዴ ተቅማጥ፣ ከአንገት መጣመምና ከድንገተኛ ሞት ጋራ የመጣ እንደሆነ ግን ፈንግል ነው ብሎ መጠርጠርና ለሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ይገባል። ከባድ የሆነው የወፍ ጉንፋንም በዚሁ አኳኋን ሊታይ ስለሚችል ለይቶ የሚነግረን ምርመራ ብቻ ነው።

ከተላላፊው ሌላ የምግብና የመኖሪያ ጉድለትም ዐይንን ያሳብጣል። ቪታሚን ኤ ያነሳት ዶሮ ዐይኗ ያብጥና ከውስጡ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይጠራቀምበታል። ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን እርሻ በብዛት የሚገባው በቆሎ ነጭ ነው፤ ነጭ በቆሎ ደግሞ እንደ ቢጫው ይህን ቪታሚን የሚያስገኝ ነገር የለውም። በሜዳ የምትለቅም ዶሮ ጉድለቱን በለምለም ሣር ትሞላዋለች፤ በቤት ተዘግታ ነጭ በቆሎ ብቻ የምትበላው ግን የምትሞላበት የላትም። ለእርሷ ጎመን፣ ካሮት ወይም ለምለም ሣር ከትፎ መስጠት ከመርፌ ይበልጣል። እንዲሁም ኩሱ ሳይጠረግ ከተከማቸበት ቆጥ የሚነሣው አሞኒያና የማድቤት ጢስ ዐይንን ያቃጥላል፤ እንዲህ ላለው ሕመም መድኀኒቱ መጥረጊያና መስኮት ነው።

በሽታው ምንም ቢሆን እመቤቲቱ በመጀመሪያው ቀን ልታደርገው የሚገባ ሥራ አለ። የታመመችውን ለብቻ አግልላ ጢስና ነፋስ በማይበዛበት ታኑራት፤ የምትጠጣበትንም ዕቃ ለብቻ ታድርገው። በአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ያህል ጨው ጨምራ አፍልታ ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ዐይኗን በቀን ሁለት ጊዜ ትጠብላት፤ ያበጠውን ግን አትጭመቅ፣ በስለትም አትንካ። ጤነኞቹን አስቀድማ መግባና አጠጥታ የታመመችውን በመጨረሻ ታስተናግድ፤ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። ከፈንግል የተነካካ እጅ የሰውን ዐይን ለጥቂት ቀናት ሊያቀላ ይችላልና። የሞተችውንም በጥልቅ ጉድጓድ ትቅበር እንጂ ለውሻ ወይም ለወንዝ አትስጥ።

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስፈራው ለሰው የተሰጠውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ለዶሮ ሁሉ ማጠጣት ነው። መድኀኒቱ በባክቴሪያ ለሚመጣው ሕመም በሐኪም ትእዛዝና በልክ ሲሰጥ ይረዳል፤ ለፈንጣጣና ለፈንግል ቫይረስ ግን አንዳች አያደርግም። ያለ ልክ የተሰጠ እንደሆነ ተሕዋስያኑ መድኀኒቱን ይለምዱታል፤ ቅሪቱም በእንቁላሉ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሙ የከለከለው ቀን እስኪያልፍ ድረስ እንቁላሉ ለቤትም ለገበያም አይውል። ደግሞም ከኮራይዛ የዳነችው ዶሮ በሽታውን ተሸክማ ልትኖር ስለምትችል ከአዲስ ጫጩት ጋራ ማደባለቅ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ገበያ ነው። ዶሮ የታመመችበት ሰው ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ ይወስዳታል፤ በችግር ያለ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አያስደንቅም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያልፋል፤ ከቡሬም ሌላው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በቡሬ ገበያ አንዲት የታመመች ዶሮ ከጤነኞች ጋራ በአንድ ቅርጫት ብትታጐር በሽታው በጥቂት ቀን ስንት ወረዳ እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም፤ ይልቁንም ለበዓል ዶሮ በብዛት በሚጓጓዝበት ወራት።

ሦስተኛው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ የፈንግልንና የዶሮ ፈንጣጣን ክትባት ያዘጋጃል። ከእነዚህም ውስጥ ሙቀትን ከሌላው ይልቅ የሚችል፣ በዐይን አንዳንድ ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት አለ። ታዲያ ባላገሩ ስለ ምን አያስከትብም? ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ እንዲበቃ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ከተከፈተም በኋላ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ አምስት ዶሮ ያላት እመቤት ግን ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። ይህን ችግር የሚፈታው ሐኪሙ ሳይሆን ሹሙ ነው። ቀን ቆርጦ የመንደሩን ሰው በአንድነት ቢያሰባስብ አንዱ ብልቃጥ ለሃያ ቤት ይበቃል። ቀኑም ዝናም ከመግባቱ አስቀድሞ ይሁን፤ ክትባቱ እስኪጸና ጊዜ ያስፈልገዋልና። የታመመችውም በዚያ ቀን አትከተብ።

አንዳንድ ሰው፥ ለአንዲት ዶሮ ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል? ይል ይሆናል። የታመመችዋ በአርባ ቀን ጫጩት ልትተካ ትችላለች፤ የቆጡ ዶሮ ሁሉ ያለቀ እንደሆነ ግን ቤቱ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። አዲስ የተሻሻሉ የ45 ቀን ጫጩቶች ሲታደሉም የክትባታቸው ማስረጃ ይጠየቅ፤ ሁለት ሳምንትም ከነባሮቹ ተለይተው ይቈዩ።

በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት በየቀበሌው ዶሮዎች ዐይናቸው ሲያብጥ የታየውን ምልክት፣ የታመሙትንና የሞቱትን ቍጥር በየወሩ እንዲያስመዘግቡ፤ በገበያም ለታመሙት የተለየ ስፍራ እንዲወስኑ፤ ምልክቱን ለሐኪም ላስታወቀችም እመቤት ወቀሳ ሳይሆን ምስጋና እንዲሰጧት እናሳስባለን። መዝገቡ በትክክል ከተያዘ ሐኪሙ የትኛው በሽታ በየትኛው ቀበሌ እንደ ገባ ያውቃል፤ ክትባቱም በጊዜው ይደርሳል።