ተፈጥሮን እንወቅ፦ የባርሁት ጉድጓድ

የመን ከቀይ ባሕር ማዶ የምትገኝ አገር ናት። በምሥራቅ ጫፏ፣ ከኦማን ጋር በምትዋሰንበት በኩል፣ አል መህራ የሚባል በረሃማ አውራጃ አለ። በዚያ በረሃ ውስጥ መሬቱ ክብ ሆኖ ተበስቷል። አፉ 30 ሜትር ያህል ይሰፋል። ጥልቀቱ 112 ሜትር ነው። ሰባ ሰዎች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቢቆሙ እንኳ ከታች ተነሥተው አፉ ጋ አይደርሱም። ይህ የባርሁት ጉድጓድ ነው።

የአካባቢው ሰዎች ጉድጓዱን ሲፈሩት ኖረዋል። «ጂኒዎች የታሰሩበት ነው» ይላሉ። «የቀረበውን ሁሉ ስቦ ያስገባል» የሚሉም አሉ። ስለ እሱ ማውራት እንኳ ክፉ ዕድል ያመጣል ብለው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 መሆኑ ነው፣ ከኦማን የመጡ ዋሻ አጥኚዎች ወደ ቦታው ሄዱ። ስምንቱ በገመድ ተንጠልጥለው ወረዱ። ሁለቱ ከላይ ቀሩ።

ታዲያ ምን አገኙ? እባቦች አገኙ። ካልነኳቸው አይነኩም። የሞቱ እንስሳት አገኙ። መጥፎው ሽታ የሚመጣው ከነሱ ነው። ከግድግዳው እየፈለቀ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ አዩ። ዶቃ የሚመስሉ ድብልብል ድንጋዮችም አዩ። ጂኒ ግን አላዩም። ሁሉም በደኅና ተመልሰው ወጡ።

እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ማን ይቆፍረዋል? የሚቆፍረው ውሃ ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ከአየርና ከአፈር ይቀላቀልበታል። ያን ጊዜ ውሃው ጥቂት ይኮመጥጣል። እንደ ሎሚ አይሁን እንጂ የኖራ ድንጋይን ማሟሟት ይችላል። በድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል። ስንጥቁን ያሰፋዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል። የዋሻው ጣራ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይናዳል። ጉድጓዱ ያን ጊዜ አፉን ይከፍታል።

«በበረሃ ይህን ያህል ውሃ ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። የዓረብ ምድር ሁልጊዜ እንደ ዛሬ ደረቅ አልነበረም። በጥንት ዘመን ብዙ ዝናብ የዘነበባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ውሃ ያሟሟውን ድንጋይ መልሶ ያስቀምጣል። ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ነጭ ነገር ተጋግሮበት ከሆነ፣ ከውሃው የወጣ ኖራ ነው። በዋሻም እንዲሁ ነው። ውሃው ጠብ ባለ ቁጥር አንዲቱን የአሸዋ ቅንጣት ኖራ ይቀባታል። ቅንጣቷ እያደገች ዶቃ ትመስላለች።

በአገራችንም የኖራ ድንጋይ ያለበት ቦታ ብዙ ነው። በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ እንዲሁ ቦርቡሮ ሠርቶታል። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? የባርሁት ሰዎች ከጉድጓዱ መራቃቸው ክፉ አልነበረም። አደጋ አለውና። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የጉድጓድ አፍ ዳሩ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ከብትም ሰውም ይዞ ይናዳል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መጥፎ አየር ሊጠራቀም ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ብቻችሁን አትውረዱ። ልጆችን አርቁ። ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት።

ሌላም አለ። የሞተ ከብት ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ አትጣሉ። አፈር ውሃን ያጠራል፤ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ግን አያጠራም። ዛሬ ከላይ የጣላችሁት ቆሻሻ ነገ ከታች ባለው ምንጭ ይወጣል። ያንን ውሃ የሚጠጣው የእናንተው ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው።

ጂኒውን ፈርተን ምንጩን ከመረዝን፣ መፍራት የሚገባንን አላወቅንም ማለት ነው።

እንወያይ፦
1. የኖራ ድንጋይን የሚያሟሟው ምንድን ነው?
2. በጉድጓዱ ውስጥ ሽታ የሚያመጣው ምን ሆኖ ተገኘ?
3. በቀበሌያችሁ የሚፈራ ጉድጓድ ወይም ዋሻ አለ? ውሃው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?