ከቦሌ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ ካርታ ዘርጉና ቦሌንና አስመራን በቀጥታ መስመር አገናኙ። 700 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለጄት የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ! ሁለቱ ከተሞች በኬንትሮስ ጎረቤት ስለሆኑ፣ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ያቀና አውሮፕላን ብዙም ሳይታጠፍ ይደርሳል።

ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መስመሩ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው! በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ የሥራው ሁኔታ ከቁጥጥሬ ውጭ ሆነ ብሎ በረራውን አቋረጠ።

ቀጥታው ሲዘጋ መንገደኛው በካይሮ ይዞራል እንበል። ወደ ላይ 2,500፣ ወደ ታች 1,800፤ ድምሩ 4,300 ኪሎ ሜትር ግድም። ስድስት እጥፍ! የትራንዚቱን ሰዓትና የቲኬቱን ዋጋ እናንተው ጨምሩበት።

መንግሥታት ቢኳረፉ ይኳረፉ። ሂሳቡን የሚከፍለው ግን እናቱን ለመቅበር የሚሮጠው ሰው ነው፤ ቀብር ደግሞ ትራንዚት አይጠብቅም። ስለዚህ ሌላው ጠብ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ይህች የአንድ ሰዓት መንገድ የኩርፊያ መወጫ ባትሆን ምን አለበት?